በቂ ምክንያት ያልቀረበበት ፍቅር

ለመላው ቤተሰብ፣ ለቅርብ ጎረቤትና ጉዳዩ ለሚመለከተው ሁሉ! ከረዥም ክርክር በኋላ የቤቱ ትንሿ ልጅ አንድ የገለባ ባርኔጣ እንድትገዛ ተፈቅዶላታል። ባርኔጣው ክብ ነው። ክፈፉ ሰፊ ነው። ዓላማውም ፀሐይ መከላከል ብቻ መሆኑ በዋናው ችሎት ተረጋግጧል። «ይህን ያህል መስፋቱስ ለምን አስፈለገ?» የሚለው የአክስት ተቃውሞ ከሾርባ እስከ ፍራፍሬ ድረስ ከተደመጠ በኋላ በድምፅ ብልጫ ውድቅ ሆኗል።

ዋናው ችሎት የምንለው የምግብ ጠረጴዛውን ነው።

ለውጭ ሰው ነገሩ ቀልድ ይመስለዋል። እዚያ ቤት ተወልዶ ያደገ ሰው ግን አይስቅም። አባት ጡረታ የወጡ ጠበቃ ናቸው። አክስት፣ የአባት ታላቅ እህት፣ ጡረታ ያልወጡ፣ ሊወጡም ያላሰቡ ዳኛ ናቸው። ታላቅ ወንድም ዐቃቤ ሕግ ነው። እሑድ እሑድ ምሳ ተበልቶ ሳህን ሲነሳና ፍርፋሪው ሲጠረግ፣ የሆነ ነገር የፈለገ ሰው ይነሳል፤ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጁ ይይዛል፤ ምክንያቱን ያስረዳል። ፀጉር ለመቆረጥ ምክንያት። ከሥራ ለመቅረት ምክንያት። አንድ ጊዜ ወንድምየው ቁርስ ላይ ድንገት ስቆ «ምን አሳቀህ?» ቢባል፣ እስከ እራት ድረስ ማብራሪያ ሲፈልግ ዋለ።

«ሰው ያለ ምክንያት ዓይኑን እንኳ አያርገበግብም» ይላሉ አባት። ይህን ብለው ዓይናቸውን ያርገበግባሉ።

ከዚህ ሁሉ የሕግ ሰው መሀል ትንሿ ብቻ አፈነገጠች። «ትንሿ» መባሏ ሠላሳ ሊሞላት ምንም ሳይቀራት ነው፤ በዚያ ቤት ስም ለመቀየርም ምክንያት ያስፈልጋል። እሷ ጥርስ ሠሪ ናት። ጥርስ ነቃይ አይደለችም፤ እሱ ሐኪሙ ነው። እሷ ከክሊኒኩ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የመብራቷን አንገት አጉብጣ፣ በጄሶ ተቀርጸው ለሚመጡላት አፎች ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። የአፎቹን ባለቤቶች አታያቸውም። የከተማውን ግማሽ ታውቀዋለች፤ የምታውቀው ግን ከከንፈር ወደ ውስጥ ነው።

አንድ ቀን የላይ የፊት ጥርሱ እኩሌታው የተሸረፈ የጄሶ አፍ መጣላት። ዓይኗን የያዘው የተሸረፈው ጥርስ አልነበረም። አጠገቡ ያለው ጥርስ ጫፍ ላይ፣ ከሥሩም ባሉት ላይ፣ በጣም ትንሽ፣ በጣም ልስልስ ያለች ጎድጓዳ ነበረች። የመርፌ ቁልፏን መዝዛ ብታስገባባት ልክክ አለች።

«ይሄ ሰው ሚስማር በጥርሱ ይዞ ነው የሚሠራው» አለች ለብቻዋ።

አዲሱን ጥርስ ሠራች። ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንከን የማይወጣለት። ከጎረቤቶቹ መሀል ስታስቀምጠው ግን ሙሉ ልብስ ለብሶ የቀን ሠራተኞች መሀል እንደቆመ ሰው ሆነባት። ቀጭኗን መሞረጃ አንስታ፣ እሱም ጫፍ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ አበጀችለት።

አለቃዋ በትከሻዋ በኩል አዩ። «ምን ማድረግሽ ነው? ለምን?»

በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክንያት አጣች። «እንጃ» አለች። «ጎረቤቶቹ እንዳያፍሩበት።»

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ረዥም፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ እጅጌው ላይ የቆርቆሮ ዝገት ያለበት ሰው በሯ ላይ ቆመ። «ይህን ጥርስ የሠራው ማነው?» አለ። ትንሿ እንደ ተማሪ እጇን አወጣች። ሰውየው ፈገግ አለ። የገዛ ሥራዋ ሲስቅባት አይታ አታውቅም ነበር፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«ሚስማሩ ገባበት» አለ። ከዚያ አዲሱን ጥርስ በምላሱ ጫፍ ዳሰሰ።

«ልታመሰግነኝ ነው የመጣኸው?»

«አይ።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«እንጃ» አለ።

ይህ ቃል በነሱ ቤት ከስድብ ይቆጠራል። ለእሷ ግን ተዘግቶ የኖረ መስኮት ተበርግዶ ነፋስ የገባ መሰላት።

ሰውየው ጣሪያ ሠሪ ነው። ቁልቁል ሲያዩት ሰው የሚያዞር ክፈፍ ላይ እጁን ኪሱ ከትቶ ስለሚሄድ ባልደረቦቹ «ድመቱ» ይሉታል። እሷም ድመቱ አለችው። ሲመሻሽ ከክሊኒኩ በር እየጠበቃት፣ ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ ጣሪያ ሲያዩ፣ «ያ የኔ ነው፣ ያ የኔ አይደለም፣ ያኛው የማንም እንዳይሆን ነበር» ሲላት ወራት አለፉ። እሷ ደግሞ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ጥርስ ትነግረዋለች። ሁለቱም ከተማውን ከማንም በማይታይ በኩል ነበር የሚያውቁት።

ችግር የመጣው እሑድ ምሳ የተጠራ ዕለት ነው።

ሳህን ተነሳ። አክስት መነጽራቸውን አወለቁ፤ መነጽር ማውለቃቸው ችሎቱ ተሰይሟል ማለት ነው። «ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ንድፍ ትማር ነበር ተብሏል።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ልትመረቅ ጥቂት ሲቀርህ ተውክ።»

«ተውኩ።»

«ምክንያቱ?»

ድመቱ ብርቱካኑን ልጦ ነበር። አንዷን ፍንካች ለትንሿ አቀበላት። «ተውኩት» አለ።

«ተባረህ ነው?» አለ ዐቃቤ ሕጉ ወንድም።

«አልተባረርኩም።»

«ታመህ?»

«ደህና ነበርኩ።»

«ሴት?»

«እንዴ!» አለች ትንሿ።

«ሴትም የለችበት» አለ ድመቱ በእርጋታ። «ተውኩት ነው ያልኩት። ብርቱካኑ በጣም ጥሩ ነው፣ እትዬ።»

እሱ ከሄደ በኋላ አክስት ፍርዳቸውን አሰሙ፦ «ምክንያቱን የሚደብቅ ሰው ምክንያቱ መጥፎ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ወንበር ላይ ስቀመጥ ከዚህ ሌላ አላየሁም።»

ትንሿ ልትሟገት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። እናቷ ስትሞት ፀጉሯን ያበጠሩላት፣ ትኩሳት ሲይዛት አልጋዋ ሥር ፋይል እያነበቡ ያነጉ እኚሁ አክስት ናቸው። የሚፈርዱባትን ሰው መጥላት ቢቻል ኖሮ ነገሩ ሁሉ ቀላል በሆነ ነበር።

ድመቱ ግን የፍርዱን ነገር ከቁም ነገር የቆጠረው አይመስልም። «ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት አንድ ቀን።

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ጀልባ የሚያደርስበት አንድ ትንሽ ደሴት አለ አሉ። እንሂድ።»

«ለምን?»

«እንጃ።»

ጉዳዩ ጠረጴዛው ላይ ሲቀርብ ሁሉም እንቢታ ጠበቁ። አክስት ግን ፈቀዱ። ሰው ዳኛ ሆኖ ሲያረጅ ከመከልከል ይልቅ በቅድመ ሁኔታ መፍቀድ የበለጠ እንደሚያስር ያውቃል። «አንደኛ፣ ሁለት ክፍል ይሁን። ሁለተኛ፣ ትምህርቱን የተወበትን ምክንያት ጠይቀሽ ይዘሽ ትመጪያለሽ። ምክንያቱን ይዘሽ ካልመጣሽ ሰውየውን ትተሽ ትመጪያለሽ። ተስማምተሻል?»

ትንሿ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ነበር። አንድ እጇን አነሳች። ተስማማች።

አባት የፈቃዱ አካል የሆነውን ባርኔጣ አንስተው በጣታቸው ሲያሽከረክሩት ቆይተው፣ ሲመልሱላት ብቻ «ነፋስ እንዳይወስድብሽ» አሉ።

ይህን ስምምነት ለድመቱ አልነገረችውም።

---

ጀልባዋ ገና ከወደቡ ሳትርቅ፣ በስምንተኛ ፎቅ ክፈፍ ላይ ተኝቶ ምሳ እቃውን የሚፈታው ሰው ምሰሶ አቅፎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ምነው ወንድሜ?» አለው ጀልባ ነጂው።

«ምንም።»

«ዓይንህን ግለጥ፤ ይሻልሃል።»

«ጀልባዋን አቁማት፤ እሱ ይሻለኛል።»

ትንሿ ሳቋን በባርኔጣው ሸፈነች። ድመት ከውሃ ጋር እንደማይዋደድ ሳይነገራት ቀርቶ አይደለም፤ ይህን ያህል ግን አልገመተችም።

ደሴቱ ከሩቅ እርጥብ ጨርቅ ላይ የወደቀ አረንጓዴ ቁልፍ ይመስል ነበር። ሲቀርቡት ነጭ አሸዋ፣ ወደ ባሕሩ ያጎነበሱ ኮኮናቶች፣ በዘንባባ ቅጠል የተከደኑ ጥቂት ጎጆዎች ሆነ። ባለማረፊያዋ አንድ የወርቅ ጥርስ ያላት፣ ድምፅዋ እንደ ጀልባ ጥሩምባ የሚጮህ ጎልማሳ ሴት ናት። ቁልፍ ስታወጣ ቆም አለች። «ሁለት ክፍል? ተጣልታችሁ ነው?»

«አልተጣላንም» አለ ድመቱ።

«የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው» አለች ትንሿ።

«ኧረ ጉድ! እናንተ አገር ዳኛ ይሄንንም ያያል?»

ሁለቱ ክፍሎች በእውነቱ በዘንባባ ቅጠል ሽመና ለሁለት የተከፈለ አንድ ጎጆ ነበሩ። ግድግዳው ቀጭን ከመሆኑ የተነሳ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላኛው ክፍል ያለው ትራስ ይንቀሳቀሳል። ስልክም የሚሠራው በዚህ ግድግዳ ላይ በተመታች አንዲት ሚስማር ላይ ሲሰቀል ብቻ ነው። ከሚስማሯ ዝቅ ካለ ይጠፋል፤ ሰው ጆሮው ላይ ካደረገውም ይጠፋል። ስለዚህ ደዋይ ሁሉ ለመላው ጎጆ ነው የሚያወራው።

የመጀመሪያውን ቀን በውሃ ጨረሱት። ትንሿ ከባለማረፊያዋ የተዋሰችውን የመጥለቂያ መነጽር አጥልቃ ገባች። ድመቱ ውሃው ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ተተከለ ምሰሶ አልተነቃነቀም። እሷ ጠፋች። ቆየች። አፏን ሞልታ እየጮኸች ብቅ አለች።

«ጥርስ አለው! ድመቱ! ዓሣው ጥርስ አለው! የሰው የመሰለ! ድንጋዩን እየነከሰ ነው፣ ሲያኝክ ይሰማል!»

«እንዴት ነው፣ ጥሩ ጥርስ ነው?»

«እኔ ሥራ ፈት ነኝ! ለሱ የምሠራለት ነገር የለም!»

ሰማያዊና አረንጓዴ የሆነ፣ የሽማግሌ ያህል ኩራት ያለው ዓሣ ነበር። ድመቱ እሱን ለማየት ሲል ብቻ ደረቱ ድረስ ገባ። እሷ ከጀርባው መዳፏን ዘርግታ አስተኛችው። ሰማይ ሰማይ እያየ፣ ጣቶቹ ክንዷ ላይ ተጣብቀው፣ ቀስ በቀስ ትከሻው ላላ።

«ቆይ፣ ለምንድነው የማልሰምጠው?» አለ።

«አንተም ምክንያት ጠየቅክ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ መዳፏን ሲያናውጠው እሱም አፉ ሙሉ ጨው ጠጣ።

ያን ጊዜ ጥያቄው ምላሷ ጫፍ መጥቶ ነበር። *ትምህርትህን ለምን ተውክ?* አራት ቃል አይሞላም። ሆኖም ፊቱ እንዲያ ሆኖ አይታው አታውቅም፤ ፈሪም ደስተኛም። ጥያቄውን ከባሕሩ ውሃ ጋር ዋጠችው። ከሰዓት በኋላ ድመቱ ክብሩን ሊያስመልስ ኮኮናት ዛፍ ላይ ወጣ፤ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ጉንዳን ሱሪው ውስጥ ገባ። ባለማረፊያዋ ከሥር ሆና «ጎበዝ! እየጨፈርክ ውረድ!» ስትለው ዋለች። ትንሿ ያን ቀን የሳቀችውን ያህል ለመሳቅ በቤቷ ቢሆን የዓመቱን እሑድ ሁሉ ማስረዳት ይኖርባት ነበር።

---

በማግስቱ ምሳ ሲያበቃ ዝናብ ወረደ። እንዲህ ያለ ዝናብ አይተው አያውቁም፤ ሰማይ ባሕሩን መልሶ የሚደፋ ይመስል ነበር። በየክፍላቸው ተጋደሙ፤ በግድግዳው አሻግረው ይቀልዳሉ።

«ጎረቤት፣ ተኝተሻል?»

«ጎረቤት አትበለኝ፤ ሚስቱን የጠላ ሰው ትመስላለህ።»

«ሚስቴ ነሻ?»

ልትመልስ አፏን ስትከፍት ሚስማሩ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ጠቅ አድርጋ ከፈተችው፤ አክስት ከዚያ ሁሉ ባሕር ማዶ ጎጆዋን ሞሏት።

«ሄሎ! ትንሿ! ጠየቅሽው?»

«እትዬ፣ ቀስ ብለው…»

«አልሰማሽም! ጠየቅሽው ወይስ አልጠየቅሽውም? ነገ መመለሻሽ ነው! ምክንያቱን ካላመጣሽ ሰውየውን ትተሽ ልትመጪ እጅሽን አንስተሽ ተስማምተሻል! እኔ ለክፋት አይደለም፣ ልጄ…»

መብረቅ ብልጭ አለና ስልኩ ጠፋ።

ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል። ይሄኛው ግን አፍም፣ ዓይንም፣ ቅስምም ነበረው። ከወዲያ በኩል የአልጋው ሲጥሲጥታ ቆመ።

«ድመቱ?»

«ለምርመራ ነው እንዴ የመጣነው?» አለ። ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻላት ነበር።

«አይደለም።»

«ግን ተስማምተሻል።»

«ተስማምቻለሁ።»

«ለምን?»

እሷም የቤቷ ልጅ ናትና ምክንያት መደርደር ጀመረች። «አንደኛ፣ ባልስማማ አይለቁኝም ነበር። ሁለተኛ፣ እዚህ ከመጣን በኋላ ራስህ ትነግረኛለህ ብዬ ነበር። ሦስተኛ…»

«ተይው፣ ተይው» አለ። «ሁሉም ልክ ነው። እሱ ነው የሚከፋው።»

ከዚያ ወዲያ ዝናቡ ብቻ ተናገረ። ትንሿ ጣሪያውን እያየች ተኛች። አንዲት ጠብታ ግንባሯ ላይ ወደቀች። ሁለተኛዋ ትራሷ ላይ። ሦስተኛዋ ባርኔጣው ላይ ጠብ ስትል፣ ከግድግዳው ማዶ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቅር የተሰኘ ሰው ዝም ሊል ይችላል፤ ጣሪያ ሠሪ ግን የሚያፈስ ጣሪያ እየሰማ ዝም ማለት አይችልም። በሩ ተከፈተ። ትንሽ ቆይቶ ከራሷ በላይ፣ በዘንባባው ላይ፣ የእግር ኮቴ ተሰማ።

ባርኔጣዋን ደፍታ ወጣች። ባለማረፊያዋ ከክፈፉ ሥር፣ መሰላሉ አጠገብ ቆማለች።

«ባልሽ አብዷል?»

«ባሌ አይደለም።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

ትንሿ መሰላሉን ያዘች። ከወንበር በላይ ከፍ ብላ አታውቅም፤ ለመውጣት በቂ ምክንያትም አልነበራትም። ወጣች። ሦስተኛው እርከን ላይ ነፋሱ ባርኔጣዋን ነጠቃት። እጇን ሰደደችለት፤ መሰላሉ ተወላገደ፤ መልሳ መሰላሉን ጨበጠች። ባርኔጣው እየተሽከረከረ ወደ ዶሮዎቹ ቤት ሄደ። *ይሂድ* አለች። እርጥብ ቅጠሉን በሆዷ እየተሳበች፣ እንደ እንሽላሊት፣ ጉልላቱ ላይ ደረሰች።

ድመቱ ገመድ በጥርሱ ይዞ ቅጠል ያስራል። እሷ በሠራችለት ጎድጓዳ ነበር የያዘው። አያት፤ ገፋ ብሎ ቦታ ሰጣት።

ዝናቡ እያለፈ ነበር። ከዚያ ላይ ሆና ዝናቡ ሲሄድ አየችው፤ እግር እንዳለው ባሕሩን እየረገጠ ሲርቅ። ደሴቱ በሙሉ ይታይ ነበር፣ ዙሪያውን፤ ነጩ ዳር፣ ኮኮናቶቹ፣ አልፎም ማቆሚያ የሌለው ብርሃን። ታች ሳለች ግድግዳ፣ በር፣ ስልክ ነበር። እዚህ ምንም የለም።

«እትዬ እንድጠይቅህ ልከውኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አልጠይቅህም።»

ገመዱን ከጥርሱ አወጣ። «ጠይቂ።»

«አልጠይቅም።»

«ካልጠየቅሽ ትተሽኝ ልትሄጂ ተስማምተሻላ።»

«ትቼህም አልሄድም።»

«ሁለቱም አይሆንም።»

«ይሆናል! ማን ይከለክለኛል?» ድምፅዋ ጮክ ሲል ራሷም ደነገጠች። ቀጥላም ሳቀች። «አባዬ እናቴን ሊያገባት ሲል እዚያው ጠረጴዛ ላይ አቆሙት፤ ታውቃለህ? አልነገርኩህም? እትዬ ናቸው የጠየቁት። ሰባት ምክንያት አቀረበ አሉ። ጠበቃ አይደል! ጠባይዋ፣ ትምህርቷ፣ ጤንነቷ… ተፈቀደለት። እናቴ እስክትሞት ድረስ ትስቅበት ነበር። ‹ከሰባቱ አንዱም እኔን አይመለከትም› ትለዋለች። እሱ ዝም ይላል።»

ድመቱ ለረዥም ጊዜ ቅጠሉን ሲያሻሽ ቆየ።

«አራተኛ ዓመት ላይ» አለ፣ «የአንድ አሮጌ ሕንፃ ጣሪያ ለክታችሁ ኑ አሉን። ወጣሁ። ደስ አለኝ። በማግስቱም ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ መውረድ አልፈለግኩም። ይኸው ነው።»

«ይኸው ብቻ?»

«ይኸው ብቻ። ሰው ሁሉ ከጀርባው ሌላ ነገር አለ ብሎ ይጠብቃል። እናቴ እንኳ እስካሁን እየጠበቀች ነው።»

«ታዲያ ለእትዬ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ትንሽ ነገር ናት» አለ። «እኔ ያለችኝ ግን እሷ ናት። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጣት አገላብጠው፣ አገላብጠው ያደቋታል። ላንቺ ልነግርሽ ነበር። አንቺም አገላብጠሽ እንዳታዪኝ ፈርቼ ነው።»

ትንሿ አላገላበጠችውም። ቀና አለችና ራሷ የሠራችውን ጥርስ ሳመች። ጥርሱ ብቻውን ስላልሆነ የቀረውንም ሳመች።

«ማፍሰሱ ቆመ ወይ?» ባለማረፊያዋ ከታች ጮኸች።

«ቆመ!» አለ ድመቱ።

«ታዲያ ምን ትሠራላችሁ?»

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱን ክፍሎች ልትጠርግ ስትገባ፣ በአንደኛው አልጋ ላይ ተኝታ ያገኘችው ዶሮ ብቻ ነበር፤ እሷም ማታ ከዶሮዎቹ ቤት በመለሱት የገለባ ባርኔጣ ውስጥ ተመቻችታ።

---

እሑድ ምሳ ተበላ። ሳህን ተነሳ። ፍርፋሪ ተጠረገ። ድመቱ ሳይጠራ መጥቶ ከትንሿ አጠገብ ተቀምጧል። የሁለቱም አፍንጫ በፀሐይ ተልጧል። ትንሿ ከጥግ ከጥግ የተበላ፣ ሽንቁር ሽንቁሩ የሚታይ፣ አንዲት የዶሮ ላባ የተሰካችበትን ባርኔጣ ከራሷ አላወለቀችም።

አክስት መነጽራቸውን አወለቁ። «ምክንያቱ ተገኝቷል?»

ትንሿ ተነሳች። «ተገኝቷል።»

«ይቅረብ።»

«አይቀርብም።»

«ማለት?» አለ ወንድምየው።

«ማለትማ፣ ጋሼ፣ አውቄዋለሁ። ጥሩ ነው። ለኔ በቅቶኛል። ለእናንተ አልናገርም።»

«ትእዛዝ ነበር!» አሉ አክስት።

«ነበር፣ እትዬ። ጥሼዋለሁ። ሁለቱንም።»

ድመቱን ብርቱካን አነቀው።

«ላገባው ነው» አለች ትንሿ። «ፈቃድ ልጠይቅ አልመጣሁም። እወዳችኋለሁና ከእኔው አፍ ስሙት ብዬ ነው። ለምን ካላችሁኝ መልሱ የለም። ዛሬም የለም፣ ለሚቀጥለው እሑድም የለም።» ይህን ስትል የወንበሯን መደገፊያ እንዳልያዘች ልብ አለች። የያዘችው የሱን እጅ ነበር።

በአክስት ፊት ላይ የታየው ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ፀጉሯን ያበጠሩላት ልጅ ከእጃቸው ስትወጣ ያዩ ሰው ፊት ነበር። ግን ፍርድ ከአፋቸው ከወጣ መመለስ አያውቁም። «እንግዲያው የሰርግሽ ዕለት ከዚህ ጠረጴዛ አንድ ሰው ከጎንሽ አይቆምም። አንድም። አባትሽም እንደማይቆም በዚሁ አጋጣሚ ያረጋግጥልሻል።»

ሁሉም ወደ ጠረጴዛው ራስ ዞረ።

አባት ተነሱ። በዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጡ እንጂ ሲነሱ ያየ ልጅ በቤቱ የለም። ጠረጴዛውን ዞሩ፤ ቀስ ብለው፣ ወንበር በወንበር እየተደገፉ። ትንሿ ጋ ደረሱ። ባርኔጣውን ከራሷ ላይ አነሱ፤ በጣታቸው አንዴ አሽከረከሩት፤ ከዚያ ከነላባው ራሰ በራቸው ላይ ደፉት።

«እኔ እቆማለሁ» አሉ።

«አንተ!» አክስት ጠረጴዛውን መቱ። «ከኔ አፍ የወጣ ፍርድ እኮ ነው!»

«ሰምቻለሁ። እቆማለሁ።»

«በምን ምክንያት? ጠበቃ ነህ እኮ! ምክንያትህን አቅርብ!»

አባት ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ተቀመጡ። ከሳህኑ አንድ ብርቱካን መርጠው ለድመቱ ወረወሩለት፤ ቀለበው። ለራሳቸውም አንድ አነሱና መላጥ ጀመሩ።

«አባዬ» አለ ዐቃቤ ሕጉ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቢያንስ… ቤት ውስጥ ባርኔጣ ለምን?»

አባት የባርኔጣውን ክፈፍ ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉት።

«አላስረዳም» አሉ።